ውሻችሁን ማበጠርና የጆሮ ጽዳት እንዴት ታስለምዱታላችሁ?

ብዙ ሰው የውሻውን ጆሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዘው ጆሮው ሲታመም ነው። ውሻው ጭንቅላቱን ያራግፋል፣ ጆሮውን በኋላ እግሩ ያካል፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል። በማግስቱ አንዱ አንገቱን፣ ሌላው እግሩን ይይዝና ሦስተኛው ጥጥና ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። ጽዳቱ በግድ ያልቃል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ውሻው ጠርሙሱን ገና ከሩቅ ሲያይ መኪና ሥር ይገባል።

ጆሮ ማጽዳት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ጊዜ የሚወስደው ውሻው እጃችሁን እንዲያምን ማድረጉ ነው። ይህ ደግሞ የሚሠራው ጆሮው ጤነኛ ሆኖ፣ ምንም የሚያስቸኩል ነገር በሌለበት ወቅት ነው። ዛሬ ጆሮው ደህና ከሆነ ዛሬ ጀምሩ።

እኛ አገር የግቢ ውሻ ብዙ ጊዜ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል፣ ትራፊ ይጣልለታል። የሰው እጅ የሚያርፍበት ሲታሰርና ሲከተብ ብቻ ነው። እንዲህ ያደገ ውሻ እጅ ሲዘረጋለት ቢሸሽ ወይም ቢያጉረመርም አይፈረድበትም። ከእሱ ጋር ከዜሮ ትጀምራላችሁ፣ ቀስ ብላችሁም ትሄዳላችሁ። ቡችላ ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ከ3 ሳምንት እስከ 14 ሳምንት አካባቢ ያለው ዕድሜ አዲስ ነገር ሁሉ በቀላሉ የሚለመድበት ነው፤ አታባክኑት። አዋቂ ውሻም ይለምዳል፣ ጊዜ ብቻ ይፈልጋል።

መጀመሪያ ጆሮውን እዩ

ልምምድ የሚጀመረው በማያም ጆሮ ላይ ነው። ጆሮው ከቀላ፣ ካበጠ፣ መጥፎ ሽታ ካለው፣ መግል ካወጣ ወይም ስትነኩት የሚጮህ ከሆነ ጉዳዩ የሐኪም ነው። ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ የሚሄድ ከሆነ ወይም ሲራመድ የሚንገዳገድ ከሆነ ደግሞ ቀን አትቁጠሩ። ጆሮው ውስጥ የቡና አተላ የሚመስል ጥቁር ደረቅ ነገር ከሞላ የጆሮ እከክ ሊሆን ይችላል። ይህን የምታመጣው በዓይን የማትለይ ተባይ ናት። በቡችሎች ላይ ትበዛለች፣ ከድመትም ትተላለፋለች። ጆሮውን ቤት ውስጥ በማጽዳት ብቻ ስለማትለቅ መድኃኒት ያስፈልጋታል።

የሚያም ጆሮ ላይ ሳታሳክሙት ልምምድ ብትጀምሩ ውሻው የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እጅ ሲመጣ ሕመም ይከተላል።

ሌላም አትርሱ። ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከሌለው መጀመሪያ አስከትቡት። ክትባቱ ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ በየጊዜውም ይታደሳል። ፊቱንና አፉን አካባቢ ልትነኩ ስለሆነ ይህ የሚዘለል ጉዳይ አይደለም።

ጉርሻ አዘጋጁ

ውሻው በየቀኑ ከሚበላው የተለየ፣ በጣም የሚወደው ነገር ያስፈልጋችኋል። የተቀቀለ ዶሮ፣ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ከልኳንዳ የሚገዛ ሳንባ ይሆናል። የሽምብራ ፍሬ በምታክል መጠን ቆራርጡት። ትልቅ ከሆነ ቶሎ ይጠግባል፣ ቶሎም ይሰለቻል።

ሳንባና ጉበት ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የበግና የከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ይገኛል። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ከኮሶ ወገን የሆነ ትል ሊይዘው ይችላል። የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ጸጉሩም ላይ ይቀራል። ከዚያ በእጃችን አድርጎ አፋችን ከገባ እኛ ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ እባጭ ሊያበቅል ይችላል። ስለዚህ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ቀቅሉት። ውሻውን አበጥራችሁ ስትጨርሱም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ልጆች አብረዋችሁ ከነበሩ እነሱም ይታጠቡ።

ከወጥ የወጣ ሥጋ አትስጡት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ ደም ጎጂ ናቸው። ዘቢብና ቸኮሌትም እንዲሁ ለውሻ መርዝ ናቸው።

ከጉርሻው ሌላ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ አንድ ፎጣ፣ ለጸጉሩ የሚስማማ ብሩሽ ወይም ማበጠሪያ፣ ጥጥ፣ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የተገዛ የውሻ ጆሮ ማጽጃ።

የሚላችሁን ስሙት

ውሻ ከመንከሱ በፊት ብዙ ነገር ይናገራል። ምንም ምግብ ሳይኖር አፍንጫውን ይልሳል። እንቅልፍ ሳይኖረው ያዛጋል። ፊቱን ያዞራል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል፣ ጆሮውን ወደኋላ ይለጥፋል፣ ጭራውን እግሮቹ መካከል ይሸጉጣል። ከሁሉም በላይ ልትጠነቀቁለት የሚገባው ድንገት ድርቅ ብሎ መቆሙን ነው። ዝም አለ ብላችሁ የለመደ እንዳይመስላችሁ። በጣም የፈራ ውሻም እንዲሁ ይደርቃል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ንክሻ ሊሆን ይችላል።

ሲያጉረመርም አትምቱት፣ አትጩሁበት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። በዱላ ያስቆማችሁት ውሻ ፍርሃቱ ውስጡ እንዳለ ነው፤ የተማረው ሳያስጠነቅቅ መንከስን ነው። ካጉረመረመ እጃችሁን አንሱ፣ ፋታ ስጡት፣ ቀጥሎ ደግሞ ከዚያ በቀለለ ነገር ጀምሩ።

ደረጃ 1፦ እጅ

ብሩሽም ጥጥም አሁን አያስፈልግም። ጸጥ ያለ ቦታ ፎጣውን አንጥፉ። ውሻው አይታሰር፣ መሄድ ሲፈልግ ይሂድ። እናንተም ከላይ አትጎንበሱበት፣ ጎኑ ተቀመጡ።

ትከሻውን ለአንድ ሰከንድ ንኩት። እጃችሁን አንሱ። ጉርሻ ስጡት። ድገሙት።

ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፣ አይገለበጥም። ንክኪው ይቀድማል፣ ጉርሻው ይከተላል። ብዙ ሰው ምግቡን አስቀድሞ አሳይቶ ውሻው እየበላ ሳለ በድብቅ ይነካዋል። እንዲህ ሲሆን ውሻው ምግብ ባየ ቁጥር «አሁን ደግሞ ምን ሊያደርጉኝ ነው?» ብሎ መጠራጠር ይጀምራል። ጉርሻውን ከኋላችሁ አስቀምጡት። ስትነኩት አንገቱን ወደ ጉርሻው ማዞር ሲጀምር ገብቶታል ማለት ነው። ያኔ ወደሚቀጥለው ቦታ ሂዱ።

ከትከሻ ወደ ጀርባ፣ ከጀርባ ወደ ጎን፣ ከዚያ ደረት፣ አንገት፣ የእግር የላይኛው ክፍል። መዳፍ፣ ጭራ፣ ሆድና ጆሮ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። አብዛኛው ውሻ የሚሸሸው እነዚህን ነው። አንድ ልምምድ ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ። በቀን ሁለቴ ከሆነ በጣም በቂ ነው። ውሻው «ጨምሩልኝ» እያለ ማቆም ሰልችቶት ከሚሄድበት ሰዓት እጅግ ይሻላል።

ደረጃ 2፦ አገጩን ፎጣው ላይ

ይህን ደረጃ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህንን ነው፣ ውሻው ፈቃዱን የሚገልጽበት መንገድ ስለሚሰጠው።

ፎጣውን አጥፋችሁ ዝቅ ያለ በርጩማ ወይም ጭናችሁ ላይ አድርጉ። ውሻው አገጩን ፎጣው ላይ ሲያሳርፍ ጉርሻ ስጡት። መጀመሪያ በጉርሻ እየመራችሁ አምጡት፣ ሲገባው በራሱ ያሳርፋል። ከዚያ አንድ ሰከንድ፣ ሦስት ሰከንድ፣ አሥር ሰከንድ እያላችሁ ቆይታውን አርዝሙ።

ሕጉ እንዲህ ነው። አገጩ ፎጣው ላይ እስካለ ድረስ ትነካላችሁ። አገጩን ባነሳ ቅጽበት እጃችሁን ታነሳላችሁ፣ ምንም ዓይነት ሥራ ላይ ብትሆኑ። አትከተሉት፣ አትጎትቱት። ተመልሶ እስኪያሳርፍ ጠብቁት። ማቆም እንደሚችል ያወቀ ውሻ ረጅም ጊዜ ይታገሣል። ይህ መጀመሪያ ላይ የማይታመን ይመስላል፣ በሳምንታት ውስጥ ግን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ብሩሽ

ብሩሹን መሬት ላይ አስቀምጡት። ሲያሸተው ጉርሻ ስጡት። ቀጥሎ በብሩሹ ጀርባ ትከሻውን ንኩት፣ ጉርሻ። ቀጥሎ አንድ ጊዜ ብቻ አበጥሩት፣ ጉርሻ። ከዚያ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

ጸጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ፣ እጃችሁን ሳትጫኑ አበጥሩ። ጸጉረ አጭር የሐበሻ ውሻ በሳምንት አንዴ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያለው ውስጡ ሌላ ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር ስላለው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ጸጉሩን በሚያራግፍበት ወቅት ደግሞ በየቀኑ ይፈልጋል። ሙቀት ነው ብላችሁ እሱን አትላጩት። ያ ጸጉር ከፀሐይም ከብርድም ይከላከልለታል፣ ከተላጨ በኋላም እንደ ድሮው ላያድግ ይችላል። ፑድልና ሌሎች ጸጉራቸው የሚጠቀለል ትናንሽ ውሾች ግን በየቀኑ ካልተበጠሩ ጸጉራቸው ይቋጠራል። መቆረጥም አለበት።

ቋጠሮ የሚበዛው ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት ሥርና በኋላ እግሮች መካከል ነው። አትጎትቱት። ከሥሩ ቆዳውን በጣታችሁ ያዙና ከጫፉ ጀምራችሁ በጥቂት በጥቂቱ ፍቱት። ቆዳው ላይ የተጣበቀ ከሆነ በመቀስ አትሞክሩ። የውሻ ቆዳ ስስ ስለሆነ ከቋጠሮው ጋር አብሮ ይቆረጣል። ለዚህ የጸጉር ማሽን ወይም የሚያውቅ ሰው ይሻላል።

ክረምቱ ሲወጣ ጨጎጎት አለ። ከጸጉር ላይ ማንሳቱ ቀላል ነው። የሣር እሾህ ግን በጣቶቹ መካከል ወይም ጆሮው ውስጥ ከገባ ወደ ውስጥ እየሄደ ያቆስላል። ውሻችሁ ሜዳ ላይ ሮጦ እንደመጣ ድንገት አንዱን ጆሮ ብቻ እያራገፈ ካስቸገረ ይህን ጠርጥሩ። ራሳችሁ አትቆፍሩ፣ ለሐኪም አሳዩት።

መዥገርም የምታገኙት እያበጠራችሁ ነው። ጆሮ ላይና በጣቶች መካከል ትደበቃለች። በወረንጦ ቆዳው አጠገብ ያዟትና ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። በእሳት ማቃጠል ወይም ዘይት መቀባት አያስፈልግም። ለቁንጫና ለመዥገር ብሎ ውሻ ላይ ነጭ ጋዝ ማፍሰስ ወይም የቤት ፀረ ተባይ መርጨት ግን ቆዳውን ያቃጥላል፣ ሲልሰውም ይመርዘዋል። እባካችሁ ይቅር።

ደረጃ 4፦ ጆሮ

የውሻ የጆሮ ቦይ እንደ እኛ ቀጥ ብሎ አይገባም። መጀመሪያ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ ታጥፎ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ታምቡሩ ከእጥፋቱ በኋላ ነው። ስለዚህ ውስጥ የገባ ውሃና ኩክ በራሱ በቀላሉ አይወጣም። ስለዚሁም የጆሮ ኩክ ማውጫ እንጨት ለውሻ አይሆንም፤ ቆሻሻውን እጥፋቱ ላይ ይጠቀጥቀዋል። ጆሮው የተንጠለጠለ ውሻ፣ ለምሳሌ ኮከር ስፓንኤል፣ አየር ስለማያገኝ ቶሎ ይታመማል። ጆሮው የቆመ ውሻ ይቀለዋል።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ጤነኛ ጆሮ ብዙ ማጽዳት አይፈልግም። ቶሎ ቶሎ ማጽዳት ራሱ ቦዩን ያቆጣዋል። በሳምንት አንድ ቀን ገልጣችሁ እዩ፣ አሽትቱ። ውስጡ ፈዛዛ ሮዝ ከሆነና ሽታ ከሌለው ጉርሻውን ሰጥታችሁ ሂዱ። ስለዚህ አብዛኛው የጆሮ ቀን ለውሻው ደስ የሚል ሆኖ ያልፋል፣ ልምምዱን የሚያጸናውም ይህ ነው።

ልምምዱ እንዲህ ይሄዳል። አገጩ ፎጣው ላይ ሲያርፍ የጆሮውን ውጪ በጣታችሁ ንኩ። ጉርሻ። በቀጣዩ ቀን ጆሮውን በሁለት ጣት ያዙና ልቀቁ። ከዚያ ወደ ላይ ገልጣችሁ ለአንድ ሰከንድ ውስጡን እዩ። ከዚያ ለአምስት ሰከንድ። ይህን ከለመደ ደረቅ ጥጥ አሳዩት፣ ያሽትተው፣ የገለጣችሁትን የጆሮ ውስጠኛ ገጽ በቀስታ ጥረጉ። ቀጥሎ በለብ ያለ ውሃ የራሰ ጥጥ። እርጥበት ብዙ ውሻ ያስደነግጣልና እዚህ ላይ ጥቂት ቀን ብትቆዩ አይክፋችሁ።

ጠርሙሱ ራሱን የቻለ ልምምድ ነው። መጀመሪያ ሲያየው ጉርሻ። ክዳኑ ሲከፈት ጉርሻ። ባዶ ጠርሙስ ጆሮው አጠገብ መጥቶ ሲመለስ ጉርሻ። ጠርሙሱ ሲጨመቅ የሚያሰማውን ድምፅም ከሩቅ አሰሙት፣ በጣም የሚፈሩት እሱን ነው። ለመሙላት አትቸኩሉ።

ትክክለኛው ጽዳት ሲደርስ ፈሳሹን በእጃችሁ ይዛችሁ ወይም ጠርሙሱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆይታችሁ ቅዝቃዜውን ስበሩ። ጆሮውን ወደ ላይ ያዙ። የጠርሙሱን ጫፍ ቦዩ ውስጥ ሳትሰኩ ፈሳሹን አፍስሱ። ከሥሩ፣ ጉንጩ አጠገብ ያለውን የጆሮ መነሻ በጣቶቻችሁ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እሹት። የሚንቦጫረቅ ድምፅ ትሰማላችሁ። ከዚያ ልቀቁት፣ ጭንቅላቱን ያራግፍ። ወደ ላይ የወጣውን ቆሻሻ በጥጥ ጥረጉ፣ ጣታችሁ እስከሚደርስበት ብቻ። ጉርሻ፣ ከወትሮው በዛ አድርጋችሁ። ሁለተኛው ጆሮ ለነገ ቢያድር ምንም አይደለም።

አልኮል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ሎሚና ኮምጣጤ ጆሮ ውስጥ አይገቡም። የተቆጣ ቆዳን ያቃጥላሉ፣ የአንድ ቀን ማቃጠል ደግሞ የወራት ልምምድ ያበላሻል። ታምቡሩ የተቀደደ ከሆነ ጤነኛ ጆሮ የማይጎዳው ፈሳሽ እንኳ መስማቱንና ሚዛኑን ሊጎዳ ይችላል። የታመመ ጆሮ ሐኪም ሳያየው ምንም አይፈስበትም የሚባለው ለዚህ ነው። የውሻ ጆሮ ማጽጃ ካላገኛችሁ በራሰ ጥጥ የሚታየውን ክፍል ብቻ ጥረጉና አድርቁት።

ጥፍርና ገላ

ጥፍሩን ከመቁረጣችሁ በፊት መዳፉን መያዝ፣ ከዚያ መቁረጫውን ማሳየት፣ ከዚያ ድምፁን ማሰማት። በአንድ ቀን አንድ ጥፍር ይበቃል። ጥፍሩ ውስጥ ደም ሥር አለ። ነጭ ጥፍር ላይ ሮዝ ሆኖ ይታያል፣ ጥቁር ላይ አይታይም፣ ስለዚህ ጫፍ ጫፉን ብቻ በትንሽ በትንሹ ቁረጡ። ቢደማ የበቆሎ ዱቄት ይዛችሁ ጫኑት፣ ይቆማል።

ገላውን የምታጥቡት ሲቆሽሽ ነው፣ በወር አንዴ ለብዙ ውሻ በቂ ነው። የሰው ሻምፖና የልብስ ሳሙና ቆዳውን ያደርቁታል፣ የውሻ ሻምፖ ተጠቀሙ። ከመታጠቡ በፊት አበጥሩት፣ ቋጠሮ ውሃ ሲነካው ይጠብቃል። ጭንቅላቱ ላይ ውሃ አታፍስሱ፣ ፊቱን በራሰ ጨርቅ ጥረጉ። አዲስ አበባ ላይ በክረምት ከሆነ ፀሐይ የወጣበትን እኩለ ቀን ጠብቁ፣ እስኪደርቅም አትተዉት። ታጥቦም ይሁን ዝናብ መቶት ሲገባ ጆሮውን በደረቅ ጥጥ ማድረቅ አይረሳ።

ሲያስቸግር

አንድ ደረጃ ላይ ከተጣበቃችሁ ወደኋላ ተመለሱ። ጆሮ መገለጥ እምቢ ካለ ጆሮ መንካት፣ እሱንም እምቢ ካለ አንገት። ትናንት እሺ ያለ ውሻ ዛሬ ድንገት እምቢ ካለ ደግሞ ግትርነት ነው ብላችሁ አትለፉት። ሕመም ሊኖር ይችላል፣ ጆሮውን እዩ።

ከዚህ በፊት ሰው የነከሰ ውሻ ካላችሁ ብቻችሁን አትሞክሩ። መጀመሪያ አፍ መሸፈኛ በጉርሻ አስለምዱት፣ አፉን ከፍቶ ማለክለክ የሚችልበትን ዓይነት። አፉን በገመድ ማሰር ትንፋሹን ያጨናንቀዋል፣ ፍርሃቱንም ያባብሰዋል። ልጆች ጉርሻ መስጠት ይችላሉ፣ ጆሮና ጥፍር ግን የአዋቂ ሥራ ነው። ጥርሱ ቆዳችሁን ከበጣ፣ የራሳችሁ ውሻም ቢሆን፣ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ልምምዱ ሳያልቅ ጆሮው ቢታመም

ይህ ያጋጥማል። ሐኪሙ ጠብታ ያዛል፣ ውሻው ገና ጥጥ ላይ ነው። መድኃኒቱ መሰጠት አለበት፣ አይጠብቅም። ለዚህ ጊዜ የተለየ ቦታ ምረጡ። ልምምዱ ሳሎን ከሆነ ጠብታው በረንዳ ላይ ይሁን። የልምምዱን ፎጣ አታምጡ፣ አገጭህን አሳርፍ አትበሉት፣ ምርጫ የሌለበት ነገር ላይ ምርጫ እንዳለው አታስመስሉ። አንድ ሰው በእርጋታ አቅፎ ይያዘው፣ ሌላው ቶሎ ጠብታውን ይስጥ፣ ጉርሻው ወዲያው ይከተል። ሐኪሙ ያዘዘውን ቀን ሙሉ ጨርሱ፣ ማሳከኩ ቆመ ብላችሁ አታቋርጡ። በዚያ ሰሞን ፎጣው ላይ ሲሆን ጆሮውን ተዉት፣ ትከሻውንና ጀርባውን ብቻ አበጥሩለት። ሐኪሙ ድኗል ካለ በኋላ የጆሮውን ውጪ በጣት ከመንካት ጀምራችሁ ትቀጥላላችሁ።